ውኃ ስታሻግራት

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ባትሪ የሚሞላ፣ ሰዓት የሚጠግን ሱቅ ውስጥ ስገባ፣
ጋዜጣ ላይ ተጋድመው ሁለቱ ጠበቁኝ፣
እንደ አልጋ ላይ ሕሙማን ቀና ብለው አዩኝ።

አንዱ ካኖን ነው፤ ጥቁር ቀለሙ በጣት ብዛት ታጥቦ፣
የሠርግ ቤት ካሜራ፣ ስንት ሙሽራ አይቶ፣ ስንት ኬክ ተርቦ።
ሁለተኛው ኒኮን፣ ገላው ቧጨር ቧጨር፣
ከእርሻ ምርምር በጨረታ የወጣ፣ ያየው ሁሉ ስንዴና አፈር።

ዋጋቸው እኩል፤ አሥራ ስምንት ሺህ፣ ቅናሽ የለም።
እኔ የያዝኩት የእቁብ ብር፣ አሥራ ስምንት ሺህ ከሦስት መቶ፣
ሦስት መቶው የብቸና መሳፈሪያ፣ ምሳዬም በዚያው ቀርቶ።

«ስማቸው!» አለኝ ባለሱቁ፤ ስሙም ስማቸው ነው፤
ቀጭ! አደረገ አንዱን፣ ቀጭ! ሌላውንም ደገመው።
የካኖኑ ድምፅ ለስላሳ፣ ቅቤ የጠጣ በር፣
የኒኮኑ ደረቅ፣ እንጨት ፈላጭ ይመስል ነበር።

«ካኖኑ ሁለት ሌንስ አለው፤ አንዱ ሩቅ ይስባል፣
እዚህ ሆነህ የጮቄን ጫፍ ጆሮህ ሥር ያመጣል።
ኒኮኑ አንድ ብቻ፣ ሃምሳ፤ አያጎላ፣ አያሳንስ፣
ሰው ካማረህ ሂድና ቅረብ፤ እግርህ ነው የእሱ ሌንስ።»

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቅሎ ነጋዴ ነበር፤
ጥርስ ሲቆጥር፣ ሸኾና ሲያንኳኳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲዞር፣
«ኮርቻ አያታልልህ» ይል ነበር፣ «ሜዳ ላይ ሁሉም ሰጋር ናት፤
ጥርሷን ካየህ በኋላ፣ ወንዝ ወስደህ አሻግራት።»

ፀሐይ ላይማ ማንጠግቦሽ በሁለቱም አማረች፤
ሎሚዋን ትታ በሩ ላይ ቆማ፣ «የቱ አሳመረኝ?» አለች።
እዚህ ወንዝ ከየት ይምጣ? እያልኩ ሳስብ መብራት ሄደ፤
ስማቸው እየተራገመ ሻማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ነጎደ።

ጥግ ላይ አንድ አዛውንት፣ ሰዓታቸው እስኪሠራ የሚጠብቁ፣
ጨለማው ውስጥ ቀሩ፣ ካኖኑ ሲፈልጋቸው እየራቁ።
ሌንሱ ወጣ ገባ፣ ዝዝ እያለ ዋኘ፣
ዳር ሳይደርስ ደከመ፤ ፊታቸውን አላገኘ።
ኒኮኑም ተንገዳገደ፤ አንዴ፣ ሁለቴ… ረገጠ፤
ቀጭ! ሻማው ሳይመጣ ፊታቸው ተገለጠ፦
ግማሽ ጺም፣ አንድ ዓይን፣ ጉልበት ላይ ያረፈ ክንድ፣
ክንዱ ላይ፣ ሰዓቱ የነበረበት፣ ነጣ ያለ ገመድ።

ልክፈል ብል፣ እጄ ቶሎ አልወጣ አለ ከኪሴ፤
የብቸና ሠርግ «ሩቅ ሳብ!» ይላል፣ ካኖኑን ይላል ራሴ።
ሥራው ሠርግ ነው፤ እንጀራው ሙሽራ ነው፤
ሰዓት የሚያሠራ ሽማግሌ ከፍሎ የሚያስነሳ ማነው?

ግን አባቴ የሞተ ዕለት ቤታችን የተገኘው ፎቶ
የቀበሌ መታወቂያ ነው፣ ማኅተሙ አገጩን በልቶ፤
አጉሉልን ብንል፣ ፊቱ እንደ ሽሮ ተበተነ፤
በቅሎ የሚያውቀው ዓይኑ ሁለት ጥላሸት ሆነ።

ኒኮኑን ያዝኩ። ስማቸው ብሩን ቆጠረ፣ ሁለት ጊዜ፣ በምራቅ፤
«ባትሪው ክረምት ላይ ይሰንፋል፤ ደረትህ ውስጥ አሙቅ።»

ይኸው ዓመት ሆነኝ። ሰው ፊት ድረስ እሄዳለሁ፤
ቬሎ ረግጬ፣ ሚዜ ገፍቼ፣ «ይቅርታ» እላለሁ።
አንዳንዱ ከፈለኝ፤ አንዳንዱ ሌላ ቀጠረ።

ደጀን ገደል አፍ ላይ ግን፣ ዓባይ ታች እንደ ክር ተኝቶ፣
ከሥር ጥምዝምዙ ላይ አንድ ሰው እንደ ጉንዳን ሲወጣ አይቼ፣
ሃምሳዬ አይደርስበት፣ እግሬም አይደርስበት፣
ዓይኔን ጨፍኜ ያልገዛሁትን አነሳለሁ፤
ቅቤ የጠጣ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለሁ።