በር የሌላት ላንድሮቨር

ዋበሪ በአሥራ ሦስት ቁልፍ ማጠፊያዎቹን ፈታ፣
አራቱን በር አንስቶ ግድግዳ አስደገፈ በተርታ።
“ለምን?” አልኩት።
“ሙቀት ነው” አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣
“ደቻቱ እንዳይውጥሽ ቅለይልኝ” አላት፣ እንደ ሰው አማክሮ።

ከከዚራ ጥላ ወጣን፤ የጭነት ገመድ ወገቤን አስሮኛል፣
መሬቱ ከጫማዬ አጠገብ እንደ ጎርፍ ይሮጣል፤
ጎርፉስ የለም፣ ወንዙ ደረቅ፣ ጎማው ነው የሚቀዝፈው፣
ሸሚዜንም ነፋስ ነው፣ በግራ ገብቶ በቀኝ የሚገፈው።

ሺኒሌ መንገድ ላይ ወተት የያዘች እናት
እጇን ሰደደች፣ እጀታው ከነበረበት፤
አየር ጨብጣ ሳቀች።
ጄሪካኗን ጭኔ ላይ ጥላ ከኋላ ዘለቀች።

ማታ ጋራዡ ስንደርስ፣
ከአንዱ በር ጀርባ የዋበሪ ልጅ ሂቦ ቁጢጥ ብላለች፤
ሱቅ ከፍታ፣ በመስኮቱ ጠጠር በብር ትሸጣለች።
አሥር ብር ዘረጋሁላት ከተቀመጥኩበት፤
“መልስ የለኝም” አለች፣ አንገቷን ሰብራ በኩራት።

ስወርድ፣ እጄ በልማዱ ዞሮ ባዶ አየር ገፋው፤
ዋበሪ ከመሪው ጮኸ፦
“አንተ! ቀስ አድርገህ ዝጋው!”