የቲቸር በዳሳ መዝጊያ

በጋሪ አስጭኖ የግቢውን መዝጊያ፣
ቲቸር በዳሳ መጣ፣ ፍራንኮ፣ ከብየዳ መሥሪያ።
የአዳማ ነፋስ ነው ኮቱን የሚገፋው፣
ጡረታ ቢወጣም ጠመኔው ያልጠፋው።
የበሩ ማጠፊያ ተገንጥሎ፣ እግሩን ዝገት በልቶት፣
እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል ሲነኩት።

ሃያ ዓመት ሊሞላው፤ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፣
ላቦራቶሪ ስንገባ ብልቃጥ የሰበርኩ።
መስኮቱ መስታወት የለው፣ ነፋሱ ክብሪት ያጠፋል፤
እሱ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሚስማር ያጠልቃል።
"ቆዩ" ይላል፣ "ቆዩ፤ ብረት አይጣደፍም።"
ደወል ሲደወል ሚስማሩ ቀልቷል፤ ውሃው የድሮው አይደለም።
"እንደ ባጃጅ ወንበር ነው" አለን እየሳቀ፣
"ጉልበተኛው ገባ፣ ደካማው ለቀቀ።
ይሄ ምትክ ነው፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲተካ።
የኖራ ድንጋይ ግን፣ እሳት ሲበዛበት፣ ለካ
ለብቻው ይፈርሳል፤ ግማሹ ባየር ይሄዳል፣
ግማሹ ነጭ ዱቄት ሆኖ እዚያው ይቀራል።"

"ድርብ ምትክስ?" ብትለው ኢፍቱ እጇን አውጥታ፣
ከንፈሩን ገለጠ። ክፍሉ ዝም አለ ላንድ አፍታ።
በዚያ ቡናማ ጥርስ ስንስቅ የከረምን፣
ሁላችን መሬት መሬት አየን።
"ወንጂ፣ የጉድጓድ ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግኩት፤
ፍሎራይዱን ሰጠኝ፣ የጥርሴን ወሰደ፣ ያለ ደረሰኝ ተለዋወጥኩት።
ልክ ድርብ ምትክ ባይባል፣ ያጎት ልጁ ነው" አለና
ወደ ሰሌዳው ዞረ፣ እንደገና።

ዛሬ፣ በካርባይዱ ላይ ውሃ አንጠባጥቤ፣
ጋዙን ለኩሼ፣ ጥቁር መነጽሬን ስቤ፣
የበላውን ቆርጬ አዲስ እግር ስቀጥል፣
አጠገቤ ቆሟል፣ ዓይኑን በእጁ ሲከልል።
"ዝገቱስ?" አለኝ ድንገት፣ ፈተና እንደሚያርም።
"ካየር ተዋሕዶ ነው" አልኩት፣ "ቃጠሎ ነው እሱም፤
እሳት ባንድ ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ዝገት ክረምት ይጠብቃል፣
የሚበሉት ግን አንድ ነው።" "እሺ" አለ፤ መች ይበቃዋል!
"ምን ዓይነት ነው ታዲያ፣ ይሄ የበየድክበት?"

ቀዩ ስፌት ግራጫ እስኪሆን ድረስ አሰብኩበት።

"ከየትኛውም አይደል፣ ቲቸር። ቀለጠ እንጂ አልተለወጠም፤
ብረት ነበር፣ ብረት ነው፤ ሪአክሽን አይባልም።"
ሳቀ። ያ ቡናማ ጥርስ ዛሬም እንዳለ ነው።
"ስንት ነው?"
"ተወው" አልኩ። "የለም!" አለኝ ተቆጣ፤
ነፋስ እንዳይወስደው፣ ብሩ ላይ አንድ ትልቅ ሚስማር
ጭኖበት ወጣ።