ጥልቁ ጥግ

ቅልጥሜ ላይ አለች፣ ፀጉር የምታህል፣
የአምስት ዓመት ሩጫ ለሁለት የምትከፍል
ስንጥቅ።
ነስረዲን ፊልሙን ለመስኮቱ ሰጥቶ
"አጥንትሽ ደክሞታል" አለ፣ በጣቱ አሳይቶ፤
"ስምንት ሳምንት መሬት እንዳትቀጠቅጪ፤
ካላስቻለሽ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሩጪ።"

ይኸው በየጠዋቱ፣ በሆቴሉ ገንዳ፣
አልጋ ያልያዘች፣ ሻንጣ የሌላት እንግዳ፣
የስፖንጅ ቀበቶ ወገቤ ላይ አስሬ፣
እግሬ ታች ሳይነካ፣ ጥልቁ ጥግ ተገትሬ
እሮጣለሁ።
ሰድሩ ያው ሰድር ነው።
ከፊቴ የወደቀው የዋንዛ ቅጠል
አልቀደመኝ፣ አልቀደምኩት።

ገንዳ ጠራጊው ተማም የመጀመሪያ ቀን
የሰመጥኩ መስሎት መረቡን ወረወረልኝ።
አሁን በስልኩ ሰዓት ይይዝልኛል፤
"ሦስት ደቂቃ! በይ ጨምሪ!" ይለኛል።

እሑድ እሑድ ብቻ ልቤ ይሸፍታል።
የነዘቢባ ኮቴ ከአጥሩ ማዶ ያልፋል፣
ወደ ጅሬን ዳገት፤
ዝናብ የጠጣው የቀይ አፈር ሽታ
ክሎሪኑን ጥሶ አፍንጫዬን ይመታል።
ያኔ ውሃውን በንዴት እረግጠዋለሁ፤
ውሃ ግን አይረገጥም፣
ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ አይቀየምም፤
እንደ መሬት መልሶ አይማታም።

ትናንት ነስረዲን ቅልጥሜን ተጫነ።
"ያምሻል?"
"አያመኝም" አልኩት፣ በጣም ቶሎ አልኩት።
ቶሎ ማለቴን ሰማና
ሁለት ሳምንት ጨመረልኝ።

ዛሬ ከውሃው ስወጣ፣ እግሬ ሲሚንቶው ላይ
እርጥብ ዱካ እየጣለ፣ ፀሐይ ኋላ ኋላዬ እያጠፋችው፣
ተማም መጥረጊያውን ተደግፎ ጠየቀኝ፦
"ዛሬስ የት ደረስሽ?"
"ጅሬን" አልኩት።
ገንዳውን አየ፣ እኔን አየ።
"ዳገቱ ከበደሽ?"