አንዲት የሱፍ ፍሬ

ኩታይሲ ዝናብ ነው፤ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤
ሪዮኒ ደፍርሶ፣ ድልድይ ሊያክል ምን ቀረው።
ቦንዶ በሩን ገፋ፣ ካፖርቱ ረጥቦ፣
ላፕቶፑን ይዟል፣ ፌስታል በፌስታል ላይ ደርቦ።
ሹፌር ነው፤ ሚኒባስ፣ ከዚህ እስከ ባቱሚ፤
ቀን ተሳፋሪ ጫኝ፣ ሌት የጌም ተሽቀዳዳሚ።

ክዳኑን ከፈተው።
ስንጥቁ ከጥግ ተነሥቶ የሸረሪት ድር ሠርቷል፣
ግማሹ ሐምራዊ ነው፣ ግማሹ እንደ ፈሰሰ ቀለም ረግቷል።
"ማን መታው?" አልኩት።
"ማንም" አለኝ፣ አንገቱን ደፋና፤
"የሱፍ አበባ ፍሬ ስፈለፍል ነበር፤ እንቅልፍ ጣለኝና
ዘጋሁት ክዳኑን፤
አንዲት ፍሬ ቀርታ፣ ከቁልፎቹ መሐል፣ ሰበረች ጎኑን።"

አልሳቅሁም። የሳቅሁት ወደ ውስጤ ነው።
ስንቱን ጉልበተኛ ማሽን፣ በዚች ጠረጴዛ ላይ፣ ፍርፋሪ ነው የጣለው!

ብሎኑን ፈታሁ፤ ጠርዙን በቀጭን ፕላስቲክ ፈልቅቄ
ከጀርባው ያለውን ቁጥር አነበብኩ፣ በአጉሊ መነጽር ተጨንቄ።
ከዚያ ከመደርደሪያ አውርጄ ደረደርኩለት፤
"ይሄ ባለ ስልሳ ሄርዝ ነው፤ ርካሽ፣ ታማኝ፤ ገመድ ብቻ እቀይርለታለሁ፣ ካልጠላኸው በስተቀር ምን አለበት?
ግን መኪናህ ሲታጠፍ ኋላው ጥላ ያስከትላል፤
ይሄኛው ባለ ሁለት መቶ አርባ ነው፤ እሱማ ዓይንህን ይቀድማል፤"
ጎቻ፣ ረዳቴ፣ ገና አሥራ ሰባቱ፣
ሻዩን ትቶ ተነሣ፦ "እሱን ነው መግዛቱ!"
"ቦርዱ ከመቶ አርባ አራት በላይ አይነዳም" አልኩት፤
"ፈረስ ገዝቶ ኮርቻ ከሚቸግረው፣ ተወው" ብዬ አስቀመጥኩት።

መቶ አርባ አራት ሁለት አሉኝ፤
አንዱ አዲስ፣ ሌላው ከተበተነ ማሽን የወጣ።
ሽቦ አያይዤ አበራሁ፤ ቀዩ መጣ፣ ሰማያዊው መጣ፣
ነጩም አለፈ፤ ጥቁሩ ላይ የቤቱን መብራት አጠፋሁ።
አንደኛው ንጹሕ ነው፤ ድፍን ያለ ጨለማ፤
ሁለተኛው ላይ ግን፣ ከታች በስተግራ፣
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ፣ ሁሉ ሲተኛ እሷ ቆማ።

"ይሄኛው እንከን አለው፤ አርባ ላሪ እቀንሳለሁ፤
አንተ ግን አዲሱን ውሰድ፤
ነጥቧን አንዴ ካየሃት ሌላ ነገር አታይም፤ ስንቱን ሲማረር ሰምቻለሁ።"

ቦንዶ ዝም አለ። ጣቱን ነጥቧ ላይ አኖረ።
ስክሪን በጣት አይነካም ልል ነበር፤ አፌ ላይ ቀረ።

"ኤቴሪ፣ ሚኒባሴን ታውቂያታለሽ፤
የፊት መስታወቷ፣ ከታች በስተግራ፣ ጠጠር ያረፈበት፤
ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከኔ በቀር የለም ልብ ያለበት።
መታጠፊያ ስደርስ የመንገዱን ጠርዝ የምለካው በሷ ነው፤
ጋራዥ 'እንቀይርልህ' ሲሉኝ 'ተዉት' የምለው ለዚህ ነው።
ጌም ላይ ግን ሁልጊዜ፣ ያው ኩርባ ላይ፣ ከመንገድ እወጣለሁ፤
ፍጥነት ያነሰኝ መስሎኝ!
ለካ ጠጠሬን ነው የምፈልገው፤ ምልክት አጣለሁ።"

ጎቻ ሊስቅ ነበር፤ በእግሬ ረገጥኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሄርዝ ቆጠርኩ፣ ብርሃን ለካሁ፣
ጠርዝ ላይ የሚያፈስ ብርሃን ባይ ዕቃውን ለላኪው መለስኩ፣ ተከራከርኩ፣ ረታሁ፤
የገዢውን ዓይን ግን፣ የት እንደዋለ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁ።

ገጠምኩለት።
አርባውን ቀነስኩ፤ የእጄን ዋጋ ግን እንቢ አልኩ፣
ተከራከረኝ፣ እኔም እንዳልሰማ ብሎን አጠበቅኩ።

ከኪሱ ሱፍ ዘግኖ ጠረጴዛዬ ላይ አፈሰሰ፤
"ያንቺ ድርሻ" አለና፣ ዝናቡ ውስጥ ገሠገሠ።

አዲሱ ስክሪን እዚያው ነው፤ ገዢውን ይጠብቃል፤
እንከን የለበትም፤ መንገድ ምን ያውቃል።

ሲመሽ ሱፌን በልቼ፣ ሒሳቤን ጽፌ ጨረስኩ፤
የራሴን ክዳን ልዘጋ ስል፣
መጀመሪያ በመዳፌ ቁልፎቹን ዳበስኩ።