የእጁን አገኘ

ሰኞ ነው። ጭጋጉ ከወደቡ ወጥቶ
የዳገቱን ባቡር ከዓይናችን አጥፍቶ፣
ቫልፓራይሶ ቁልቁል ነጭ ባዶ ሆና፣
መጣ አንድ ደንበኛ፣ ኤርዊን ባራኦና።
ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሮ፣
ሁለት ጣቱ በጨርቅ አንድ ላይ ታስሮ።

ስሙን እናውቃለን፤ የማያውቅ ማን አለ?
«ያ ዘመን ይመለስ» እያለ፣ እያለ፣
በራሪ ወረቀት በየግንቡ የለጠፈው፣
የመኮንኖቹን ፎቶ በየሱቁ ያሰለፈው፣
ልጅ የጠፋባቸውን እናቶች በገበያ የሰደበው።

ፖሊስ ያለ ማዘዣ ሌሊት በሩን ሰብሮ፣
ማተሚያውን ጭኖ፣ እሱን ጠፍሮ፣
ሦስት ቀን ሰወረው፤ ስሙ መዝገብ የለ፤
«ጠበቃ!» ቢላቸው፣ «ለአንተም?» ተባለ።

እኔ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣
«የእጁን አገኘ» ብዬ ነበር፣
ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እሱ እንዳይሰማ።
ሻይ አላቀረብኩም። ወንበርም አልሳብኩም።

ኤልሲራ ማንሲያ ግን መነጽሯን ጠርጋ
«የትኛው ጣቢያ ነው? ሌሊት? ወይስ ሲነጋ?»
ጠየቀች፣ ጻፈች፤ እንደማንኛውም ሰው
የጣቱን ስብራት በእርሳስ ነደፈችው።

ከቀትር በኋላ ቢሮው ታመሰ፤
ሂሳብ ሠራተኛው ኮቱን ለበሰ፤
ለጋሾች ደወሉ፤ አንዷ እያለቀሰች።
እህቷ ኖኤሊያ «ኦማርን ሸጥሽው» አለች።
እኔም የስንብት ደብዳቤ አረቀቅሁ፤
ሁለት አንቀጽ ጽፌ ከፊቷ ቆምሁ።

«ይህ ቢሮ» አልኳት «የቆመው ለተገፋ፣
ይኼ ገፊ ነው፤ ይጥፋ እንደጠፋ።
ጠበቃ ካማረው ከወገኑ ይሻ፣
እኛ ለምን እንሁን የቀበሮ ዋሻ?»

አልመለሰችልኝ። ጎንበስ ብላ ጎትታ
ከታቹ መሳቢያ አወጣች የሻጋታ
ጠረን ያለው ፋይል። ወረቀቱ አንድ ነው፤
«ሰውየውን አቅርቡ፣ ወይ ንገሩን የት ነው»
ይላል ማመልከቻው። ሰውየው ወንድሟ፤
ኦማር፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሥጋዋ፣ ደሟ።

ሐምሌ ነበር ያኔ፤ ዝናብ ሳያባራ
ደጅ ስትጠና ሰነበተች በየተራ።
ወዳጅ ጠበቆቿ ግማሹ ታስረዋል፣
ግማሹ ባሕር ማዶ፣ የቀሩት ፈርተዋል።

አሥራ አምስተኛው በር፣ ዶን አናክሌቶ ኡንዱራጋ፤
ለመኮንኖቹ የቀረበ፣ ከነሱ የሚወጋ፣
ድል ያደረጉ ዕለት ባንዲራ የሰቀለ።
ውኃ እያንጠባጠበች ሰማት። «ወንድምሽን አልወደውም» አለ፣
«ፓርቲውንም እጠላለሁ። ግን በየትኛው ሕግ ወሰዱት?»
ፈረመ። በሰማያዊ ቀለም፤ ወፍራም፣ ያልተጣደፈ ጭረት።

ፍርድ ቤት በአንድ መስመር ዘጋው። ኦማር አልተመለሰ።
ሽማግሌውም ከዚያ ወዲያ ከክበቡ ተቀነሰ።
አጥንት እንኳ አልተገኘም።
ያለው ይኼ ፊርማ ነው።

«ለባራኦና አይደለም» አለች። «ለዚህ ወረቀት ነው፤
‹በሕግ አምላክ!› ሲባል ቀጥ የሚል ሰው እንዲኖር ነው።
ጉድጓዱን ለጠላት ብለን አጥልቀን ቆፈርን እንበል፤
አፈር ግን ወገን አይለይም፤ የገባን ሁሉ ይቀበላል።»

አላሳመነችኝም። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ ተሟገተች፤ ድምፅዋ ሳል ያቋርጠዋል፤
ማዘዣ የለም፣ መዝገብ የለም፤ ዳኛው ሁለቴ ሰዓቱን ያያል።
ተፈታ። ማተሚያው ይመለስ ተባለ፤ ቀለሙ እንኳ አልደረቀ።
ኮሪደሩ ላይ ቆመ፤ ለምስጋና መስሎኝ ነበር የጠበቀ።
«ወንድምሽ ግን» አላት፣ ፈገግ ብሎ፣ «የእጁን ነው ያገኘ።»
የእኔው ቃል፣ የሰኞው፤ በእሱ አፍ ተገኘ።

ኤልሲራ የኮቷን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈች።
«ጣትህን ለሐኪም አሳይ» አለች።
ደረጃውን ወረድን፤ እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፤
ስለ ዝናቡ እንኳ ሳናወራ።

ደብዳቤው አሁንም አለ፤ ቀኑ ክፍት ነው፣ አልሞላሁትም።
ሰኞ ደግሞ መጣ። በሩ ተንኳኳ።
ወንበር ሳብኩ።
የሻዩን ነገር ግን ገና አልወሰንኩም።