ከፋብሪካ የመጣ ቁልፍ

ቡሬ፣ ከእህል ተራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
በያለምዘርፍ ግንብ ላይ በእኔ እጅ ዓይን ገባ።
አራት ካሜራ ነው፦ አንዱ ለበሩ፣
አንዱ ለሚዛኑ፣ አንዱ ለአጥሩ፤
አራተኛው ከጓዳ፣ ከሕፃኗ አልጋ በላይ፣
ገበያ መሐል ቆማ እንቅልፏን እንድታይ።

መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ምስማር በጥርሴ ነክሼ፣
ለማንኩሳው ቀጠሮ ሰዓቴን አየሁ መልሼ።
«የይለፍ ቃሉስ?» ብትለኝ ቀና ብላ ከበታች፣
«ካርቶኑ ላይ አለ» አልኳት፤ ከአንድ እስከ ስምንት ነበረች።

እሷ ሴትዮ እኮ
ሦስት ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ የምትተኛ፣
ለወንድሟ ለእንየው እንኳ የሳጥኑን መክፈቻ
አንድ ቀን ሰጥታ የማታውቅ። ብቻ
እኔን አመነችኝ፣ ዐዋቂ ነው ብላ፤
ዋጋዬን ከፈለች፣ የምሳም አክላ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲያምስ፣
ትሁኔ ነቃችና፣ ሳታለቅስ፣ ሳትላወስ፣
«እማ» አለች በሹክሹክታ፣ «ግድግዳው አወራኝ፤
ሰውዬ አለ በውስጡ፣ በስሜ ጠራኝ።»

እናት ሰይጣን መስሏት ጠበል ረጨች ግድግዳውን፤
ጠበሉም አላሳፈራት፣ አጠፋው ካሜራውን።
ሦስቱ ግን ያያሉ።

ጠዋት ተጠርቼ መጣሁ። ስልኬን ከፍቼ አየሁት፣
ማን ማን እንደገባ፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት፤
ስሙን የማልጠራው አገር፣ የማላውቀው ቀጠና፣
ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ሲገባ ሲወጣ፣ እንደገና።
ጤፏን ስትመዝን አይቷል። ብሯን ስትቆጥር አይቷል።
የባሏ ሙት ዓመት ዕለት፣ በሯን ዘግታ፣ ብቻዋን
ያለቀሰችውን ልቅሶ፣ ጎረቤት ያልሰማውን፣
እሱ ቁጭ ብሎ አይቷል።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል።
ጅቡንማ ማን አየው፤
ውሻውን ግን ዐውቀዋለሁ፦
መሰላል ተሸክሞ ይዞራል፣ ምስማር በጥርሱ ነክሷል።

«አዲስ ቃል ምረጪ» አልኳት።
«ፊትህን አዙር» አለችኝ። ዞርኩላት ወደ በሩ።
በአንድ ጣት ነው የምትነካ፤ አላልቅ አለ ቁጥሩ፣
ፊደሉ። የባሕር ዳር አውቶቡስ ጮኾ ጮኾ ሄደ፤
እሷ ገና ነበረች። በዐይኗ ጀርባዬ ከበደ።

ደብተሬ ላይ ተጽፎ አርባ ሰባት ቤት አለ፣
ከጅጋ እስከ ደምበጫ በአንድ ቁልፍ የታለለ፤
ክሊኒክ፣ ወፍጮ ቤት፣ መንገድ ዳር ያለ ሆቴል።
«በነጻ ልቀይር» ስል
አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ
ከእግር እስከ ራሴ ያየኛል፤
«ደግሞ ምን ሊወስድ መጣ?» ይላል።
ይበል። ያኔ ነበር ይህን ማለት የነበረበት።

ትናንት በቡሬ ሳልፍ ጎራ አልኩ ከእነያለምዘርፍ ቤት።
ጠበል የገደለው ካሜራ አልተነቀለም፤ እዚያው አለ፣
የትሁኔን ቀይ ካልሲ እስከ አንገቱ ለብሶ ተሰቅሏል።
«በርዶት ነው?» ብላት፣
«የለም» አለች፣ «ይተኛ።»