አንዴ ጮኾ ቢቆም

ከኪሱሙ ወዲያ፣ ከሸንኮራው እርሻ ዳር፣
ወንዝ ለሁለት በከፈለው መንደር፣
አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ፣
ሃያ አንድ ገመድ የሞላባት የቆርቆሮ ጓዳ፤
ያች ናት ሱቄ።
የሰው ስልክ እሞላለሁ፤
የማን እንደሆነ ሳላየው፣ በጩኸቱ አውቃለሁ።
መስታወቱ የተሰነጠቀው የኦኬዮ ነው፣ የሞተር ነጂው፤
በጎማ የታሰረው የመምህሯ፤
ቅርፊት የተጣበቀበት የዓሣ ሻጯ።

ምርጫው ሲቃረብ አንዲት ልጅ መጣች፣
ደብተር ያቀፈች፣ ጭቃ የረገጠች፤
«ከወንዙ ወዲህ አንድ፣ ከወንዙ ወዲያ አንድ፣
ወሬ የሚያጣራ ሰው ስጡኝ» አለች።
ከወዲህ እኔን ጻፈች።
ከወዲያ አራፕ ሞሶኒክን።

አራፕ ሞሶኒክን!
የፍየሌን ዋጋ አጉድሎ ሦስት ዓመት ያስኮረፈኝን፣
ገበያ ላይ ሳየው መንገድ የምቀይርበትን!
ቁጥሩን መዘገብኩ፤ ስሙን ግን እጄ አልጽፍ አለ፤
«ፍየል» ብዬ አስቀመጥኩት።

የስልክ ካርድ እንደ ስኳር በማንኪያ የሚለካበት አገር ነውና
ውላችን በሚስኮል ጸና፦
አንዴ ጮኾ ቢቆም፣ ነቅቻለሁ፤
ሁለቴ ጮኾ ቢቆም፣ ውሸት ነው፣ አይቻለሁ፤
ሦስቴ ቢጮኽ፣ ድልድዩ ላይ እመጣለሁ።
«አራቴስ?» አለች ልጅቷ።
ሁለታችንም ዝም አልን።

ድምፅ ከተሰጠ አራት ቀን ሆነው። ቆጠራው ዘገየ።
ሬዲዮው ቁጥር መናገሩን ትቶ ዘፈን አበዛ።
ሲመሽ፣ ጓዳዬ ውስጥ ሃያ አንዱም ስልክ ባንዴ በራ፣
እንደ ጅብ ዓይን፣ ከጨለማው ጋራ፦
«ማዶዎቹ ድልድዩን ተሻገሩ። ከብት ነዱ። ቤት አቃጠሉ።
ወንድ የሆነ ይውጣ። ለአሥር ሰው ላክ።»

ለአሥር ሰው ላክ።
ሃያ አንድ በአሥር ሁለት መቶ አሥር፤
ሁለት መቶ አሥሩ ደግሞ በአሥር . . .
ሒሳብ እንዲያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ደጅ ወጣሁ። እውነትም የማዶው ሰማይ ቀልቷል።
ኦኬዮ ገጀራውን ከሞተሩ ወንበር ስር መዟል።
«ስልኬን አምጪ» አለኝ።
«አልሞላም» አልኩት።
ሞልቶ ነበር።
ያን ሌሊት መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ለፍየል ሚስኮል አደረግሁ። አንዴ።
ዝም።
ደገምኩ።
ዝም።
ጎረምሶቹ ድንጋይ እየተቀባበሉ፣
«ይህቺ ሴትዮ ምን ትጠብቃለች?» ሲሉ፣
እጄ ላይ ጮኸ።
አንዴ።
ሁለቴ።
ከዚያ ዘገየ፤ በዚያች ዝምታ
ልጆቼን አንድ ባንድ ቀበርኩ፣ አለቀስኩ፣ ተነሣሁ፣
ሦስቴ።

ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ፣ ባንድ እግሩ ብቻ ጫማ፣
በስልኩ መብራት ድልድዩን እየፈተሸ መጣ፤ እያሳለ።
«አገዳ ነው! ለአጨዳ የለኮስነው አገዳ ነው!
ደግሞ ይህን እዩት፣ ለእኛ የደረሰንን።»
ያው መልእክት። ያው ቃል። የተገደፈችው ፊደል እንኳ ሳትቀር።
እዚያ ‹ማዶዎቹ› እኛ ነን።

ኦኬዮ ማመን አቃተው፤
ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን ይዞ ሊያነብ ፈለገ።
ሁለቱን ለመያዝ
ገጀራውን መሬት ማስቀመጥ ነበረበት።

ሁሉም ግን አልዳነም። ሊነጋ ሲል ከታች በኩል
የኒያንጉሶ ወፍጮ ነደደ፤ ስልሳ ጆንያ በቆሎ።
የለኮሰው እጅ እስካሁን አልታወቀም፤
ለርሱ የሚደወል ሚስኮል አልነበረንም።

ድልድዩ ላይ ግን ስልኩን ሲዘረጋልኝ
ስሜ የተመዘገበበትን አየሁ፦ «ምላስ»።
ሳቅሁ፤ ባልስቅ ይሻለኝ ነበር፣ እንባዬም አብሮ መጣ።

የፍየሉን ቀሪ ገንዘብ ዛሬም አልከፈለኝም።
ማታ ማታ ግን፣ ሱቄን ልዘጋ ስል፣
«ፍየል» ይበራል፣
አንዴ ጮኾ ይቆማል።
አላነሳውም።
ማንሳት ውላችን አይደለም።